ጠምሞ የገጠመው ጭኔ

የያዙኝ ምሳ አልቆ ድስት ሳጥብ ነው። ከአቦቦ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዲማ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ወርቅ ቁፋሮ የሚሄደው ሁሉ እዚያ ይወርዳል፤ ሽሮውን በልቶ፣ በጀሪካኑ ውሃ ቀድቶ መንገዱን ይቀጥላል። ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ የምል ሰው አይደለሁም። የእኔ ጥያቄ «ቃሪያ ይጨመር?» ነው።

የታጠቁ ሰዎች በፒክአፕ መኪና መጡ፤ አንዱ ወርዶ በሩ ላይ ቆመና፣ «ለጫካዎቹ ታጣቂዎች የምታበስይው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ለመጣ ሁሉ ነው የማበስለው» አልኩት።

መልሴ ድፍረት መሰላቸው። ድፍረት አልነበረም፤ ሌላ የምለው አጥቼ ነው። ከልጅነቴ ፈሪ ነኝ። መብረቅ ሲመታ ነጠላዬን ተከናንቤ ጥግ የምይዝ፣ ወረዳ ለጉዳይ ስሄድ ሰላምታዬን ሳይቀር መንገድ ላይ የምለማመድ ሴት ነኝ። ትምህርቴም ገና ማንበብ ስጀምር ነው የተቋረጠው። ይህንንም የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው።

መኪናው ላይ ጭነውኝ ጋምቤላ ከተማ ደርሰን አንድ ግቢ ገባን። መኪናው ገና ሳይቆም «ውረጂ!» አሉኝ። ከኋላ፣ ከጭነቱ ላይ ነበርኩ። ወረድኩ። መሬቱ ካሰብኩት በላይ ራቀብኝ። ጭኔ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ለእኔ ብቻ የተሰማ መስሎኝ ነበር፤ ግን በሩ ላይ የቆመው ዘብ ፊቱን ሲያዞር አየሁት።

ተሸክመው ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ወለሉ ስሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። መስኮት የለውም፤ ከግድግዳው አንድ ብሎኬት ወልቆ በቀዳዳው ብርሃን ይገባል። የጋምቤላን የበጋ ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ራሱ ይንጣጣል። ከውጭ የማንጎ ዛፍ ነበር። ማንጎው በስሎ ጣሪያው ላይ ሲወድቅ ሰው ድንጋይ የወረወረ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር። ለብዙ ጊዜ በጀርባዬ ብቻ ስለተኛሁ ያንን ጣሪያ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ከእኔ በፊት ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ባሮ ዳር ዓሣ የምትሸጥ የኑዌር ሴት ናት። ከቁመቷ የተነሳ በዚያ በር ጎንበስ ሳትል አታልፍም። ለምን እንደታሰረች ስጠይቃት፣ «በወንዝ መልእክት ትልካለሽ አሉኝ» አለች። «እኔ ዓሣ ብቻ ነው ያወጣሁት። ምናልባት ዓሣ ተናግሯል!» ብላ በሳቅ ግድግዳውን መታችው።

ሁለተኛዋ ነርስ ናት። የአኙዋ ልጅ፣ እዚያው ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ቤተክርስቲያኗ ውስጥ መዝሙር የምትመራ። ሁላችንም፣ ዘቦቹም ጭምር፣ «ሲስተር» ነበር የምንላት። እሷን የያዟት የቆሰለ ሰው አከምሽ ብለው ነው። «አዎ፣ አከምኩ» ብላ መልሳላቸዋለች። ለእሷ ነገሩ በዚያ አልቋል።

ሲስተር ጭኔን አይታ በሩን በመዳፏ ደበደበች። «ይሄ የጭን አጥንት ነው። ሆስፒታል ትሂድ። ዛሬ!» አለች። «ትእዛዝ የለም» አሏት። በማግስቱም ጠየቀች፤ በየቀኑ ጠየቀች። መልሱ ያው ነው። በመጨረሻ የቀርከሃ ፍልጭ አስመጣች፤ ነጠላዬን ተርትራ እግሬን ከቀርከሃው ጋር ከብብቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አሰረችኝ። ስታስር አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ያኔ አልገባኝም ነበር።

«እህቴ፣ ስሚኝ። የጭን ጡንቻ ኃይለኛ ነው። አጥንቱን ወደ ላይ ይስበዋል። ሆስፒታል ቢሆን በክብደት ይጎተታል፣ ወይ ብረት ይገባል። እኔ እጅ ብቻ ነው ያለኝ። ይሄን የማስረው እንዳትሞች ነው። ቀጥ እንዲል አይደለም።»

አልሞትኩም። ዓሣ ሻጯ እንደ ሕፃን ብድግ እያደረገች አጠበችኝ፣ ገላበጠችኝ። «ከአምባዛ ዓሣ ታንሻለሽ» ትለኝ ነበር። ልጄ ስንቅ ይዛ ትመጣለች፤ ምግቡ ይገባል፣ እሷ አትገባም። ድምፄን እንድትሰማ ብዬ ከተኛሁበት ጮክ ብዬ «ደህና ነኝ!» እላለሁ። ዝናቡ መጣ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መነጋገር እንኳ አቃተን። ክረምቱ አጋማሽ ላይ ሲስተር ቀርከሃውን ፈታችና አስነሳችኝ።

ያየሁትን አልረሳውም። ግራ እግሬ አጥሯል። ጭኔ ወደ ውጭ ጎብጧል። ጉልበቴም የእግሬ ጣቶችም ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚያዩት። ቆሜ ወደ በሩ ስመለከት ግራ እግሬ ወደ ግድግዳው ለመሄድ የተነሳ ነበር የሚመስለው። ስረግጥ ወገቤን አመመኝ፤ ጭኔ ላይ እጄን ስጭን ትልቅ ጉጥ ዳሰስኩ። በቃ፣ አልዳነም፣ ተበላሽቷል አልኩ። አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ የራሴን ሕክምና ጀመርኩ። ስተኛ ሁለቱን እግሮቼን በጨርቅ ጥፍር አድርጌ ጎን ለጎን አስራለሁ፤ ቀስ በቀስ ይመለሳል ብዬ። ስነሳም የግራ ጣቶቼን በግድ ወደ ፊት አዙሬ እረግጣለሁ። ጉልበቴ አበጠ። ሲስተር አንድ ጠዋት ጨርቁን አየችና ፈትታ ወረወረችው።

«አጥንት ሽቦ ነው እንዴ? አይታጠፍም። አንቺ እያጣመምሽ ያለሽው ጉልበትሽን ነው!»

በዚያው ሳምንት የግቢው ኃላፊ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርቢያለሽ» አለ። ልቤ ዘለለ። ስነሳ ግን እግሬን አየው። ረጅም ጊዜ አየው።

«በዚህ ነው ዳኛ ፊት የምትቆሚው? ዳኛው ምን ሊል ነው?»

እግሬን በቀሚሴ ጠርዝ ሸፈንኩ።

«ቅዳሜ ወጌሻ አመጣለሁ። ሰብሮ ያቀናልሻል። ቀጠሮው እስክትድኚ ይተላለፋል።» የሚያዝንልኝ በሚመስል ድምፅ ነው ያለው። እንዲያውም «ለራስሽ ነው፣ ማዘር» ብሎ ወጣ።

እውነቱን ልናገር፣ ግማሽ ልቤ ደስ አለው። እኛ አገር ጠምሞ የዳነ እጅ በቅቤ ታሽቶ ተሰብሮ ሲቃና በልጅነቴ አይቻለሁ። የሚያመኝም ስላልገጠመ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ሌላው ግማሽ ልቤ ግን ያንን የእንጨት ድምፅ ነው የሰማው። እንደገና ያ ድምፅ። እንደገና በጀርባ መተኛት። ፍርድ ቤቱም እንደገና ላይመጣ ይችላል።

«ሲስተር፣ እግሬን ልስጠው ወይስ ልከልክል?» አልኳት።

ሲስተር አልቸኮለችም። ጥግ የነበሩትን ሁለት መፋቂያዎቼን አነሳች። ጫፍ ለጫፍ ገጥማ አሳየችኝ። «አጥንትሽ እንዲህ ነበር።» ከዚያ ጫፋቸውን ጎን ለጎን አደራረበችና በክር ጠቅልላ አሰረችው። «አሁን እንዲህ ነው። አጥሯል?»

«አጥሯል።»

«ጠሟል?»

«ጠሟል።»

«ስበሪው።»

ያዝኩት። ታገልኩ። የተደራረበው ቦታ ላይ ጭራሽ እምቢ አለኝ።

«ያ ጉጥ በሽታ አይደለም» አለች። «አጥንቱ ራሱን ያሰረበት ነው። ገጥሟል። ጠምሞ ነው የገጠመው፣ ግን ገጥሟል። የሚያምሽ እሱ አይደለም። አንድ እግር ሲያጥር ሰው በየእርምጃው ጉድጓድ እንደሚገባ ነው። ወገብሽ ነው ከጉድጓዱ የሚያወጣሽ። ስለዚህ ያምሻል።»

«ታዲያ ቢሰበርና ቢቃናስ?»

«ማን ይይዘዋል? ያው ጡንቻ ያው ስበት። ደግሞ እዚህ ውስጥ ትልቅ የደም ሥር አለ። በእጅ ሲሰበር አጥንቱ ቢቆርጠው እኔ እዚህ ምን አለኝ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማቃናት ይቻላል። በሆስፒታል፣ ተኝተሽ፣ ተቆርጦ፣ ብረት ገብቶ። ያንንም አንቺ ስትፈልጊ። ሰውየው ዳኛ ስለፈራ አይደለም።»

ዓሣ ሻጯ እስከዚያ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። «እሺ፣ ጉድጓድ ካለ ይሞላል» አለች። ሸበጧን አወለቀችና ፊታችን ጣለችው። «የኔ እግር ጀልባ ነው። ከሸበጤ ለእሷ ብዙ ቁራጭ ይወጣል።»

ሥራው ያኔ ተጀመረ። ቀሚሴ ዙሪያውን እኩል የተሰፋ ነበር። ሲስተር ግድግዳው ላይ አስደግፋ አቆመችኝ፤ ዓሣ ሻጯ ያንን ሁሉ ቁመቷን ወለሉ ላይ ዘርግታ ጉንጯን ስሚንቶው ላይ አስተኛች፣ የቀሚሴን ጠርዝ ለማየት። በግራ በኩል ጠርዙ ወለል ይነካል። በሰርዲን ጣሳ ክዳን የቆረጡትን የሸበጥ ቁራጭ ከግራ እግሬ ሥር አስገቡ።

«ገና» አለች ከመሬት።

ሌላ ጨመሩ።

«ገና። ቀሚሷ አሁንም ሰክሯል።»

ሌላ ጨመሩ። «አሃ! ቀና አለች! ቀና አለች!»

ሲስተር ግን የመጨረሻዋን ቁራጭ መልሳ አወጣችው። «ሙሉውን አሁን አይደለም። ሰውነት ጠማማውን ለምዷል፣ በአንዴ ቢቃና ይናደዳል።» የቀረውን በሚስማር በስተን፣ ከማዳበሪያ በመዘዝነው ክር ከራሴ ሸበጥ ጋር ሰፋነው። ወፍራም፣ አስቀያሚ ነገር ሆነ። አጠለቅኩት። ቆምኩ። ወገቤ ዝም አለ። ምን ያህል ጊዜ ሲጮህብኝ እንደኖረ ያወቅኩት ዝም ሲል ነው።

እግሬ ወደ ጎን ያያል? ይየው አለችኝ ሲስተር። አጥንቱ ባመለከተበት ርገጪ፤ ጉልበትሽን አታስገድጂ። ከተፈታው ቀርከሃ አስረን የሠራነውን ምርኩዝ በታመመው በግራ በኩል ነበር የምይዘው፤ ከእጄ ነጥቃ ወደ ቀኝ አዛወረችው። «ሰው ሁሉ በዚህ ይሳሳታል። ደህናው ጎን ይያዝ፣ ሸክሙን ይካፈላል።» ደግሞ በቀኝ ጎኔ አስተኝታ ግራ እግሬን ወደ ላይ ታስነሳኝ ነበር፣ የዳሌ ጡንቻ እንዲጠነክር። ቆጣሪዋ ዓሣ ሻጯ ናት። በራሷ ቋንቋ ነው የምትቆጥረው። እኔ ቁጥሩን አላውቅም፤ ልትጨርስ ስትል ወደ ኋላ ትመልሰዋለች መሰለኝ፣ ማለቂያ አልነበረውም። «አታለልሽኝ!» ስላት፣ «ተማሪ፣ አትናገሪ፣ አንሺ!» ትለኛለች።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ኃላፊው፣ ሁለት ዘቦችና አንድ ሽማግሌ ወጌሻ። ሽማግሌው እንደኔው ከደጋ የመጣ ሰፋሪ ነው፤ አነጋገሩ ያስታውቃል። የቅቤ ጣሳና የቀርከሃ እስር በከረጢት ይዟል። ግቢው መሃል ማንጎው ሥር ሰሌን አንጥፈው አስቀመጡኝ። ከወንዶቹ ክፍል በብረት ፍርግርጉ ብዙ ዓይን ይታየኛል።

«ያዟት» አለ ኃላፊው።

ሽማግሌው እጁን አነሳ። «ቆይ፣ ጌታው። እኔ አሠራር አለኝ።» ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ፣ ሰውነትሽን ሰጥተሽኛል?»

«ሰጥታሃለች፣ ጀምር» አለ ኃላፊው።

«እሷን ነው የጠየቅኩ።»

«እኔ ሰጥቼሃለሁ አልኩህ!»

«ጭኑ የርስዎ አይደለማ» አለ ሽማግሌው፣ ቁጣም የለበት። «ከአባቴ ጀምሮ ሰጠሁህ ያላለንን ሰው አጥንት አንነካም። ብንነካው አይድንም።»

ከፍርግርጉ ወዲያ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ደበቀ። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «በይ፣ ንገሪው እንጂ!»

ሁሉም እኔን አየኝ። ምላሴ እንደ ጨርቅ ሆኖብኛል። ሲስተር በሩ ላይ ነበረች፤ አልተናገረችልኝም፤ መናገር የኔ ፈንታ እንደሆነ በዓይኗ ብቻ ነገረችኝ። መናገር አቃተኝ። ስለዚህ ተነሳሁ። ምርኩዜን የማንጎው ግንድ ላይ አስደገፍኩ። ቀሚሴን ትንሽ ሰብሰብ አድርጌ ደህናውን፣ ቀኙን እግሬን፣ ከመሬት አነሳሁት።

በዚያ ጠማማ ጭን ብቻ ቆምኩ። ሰውነቴ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ጭኔ ግን አልተንቀጠቀጠም። እመቤቴን በልቤ እጠራለሁ። ሽማግሌውን ፊት ለፊት እያየሁ ነበር፤ ያኔ ምላሴ ተፈታ።

«አልሰጠሁህም፣ አባባ። ይሄ ገጥሟል።»

እግሬን አወረድኩና ያለ ምርኩዝ ወደ ግቢው በር ሄድኩ። እያነከስኩ ነው፤ ማን አላነከስኩም አለ? በሩን በመዳፌ ነክቼ ተመለስኩ። ከፍርግርጉ ውስጥ አንዱ «እሰይ!» አለ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ብዙ ሆነው አጨበጨቡ። ዓሣ ሻጯ ከውስጥ እልል ስትል ሞቃዲሾ ድረስ የተሰማ መሰለኝ።

ሽማግሌው ተንበረከከና በልብሴ ላይ ጭኔን በሁለት አውራ ጣቱ ዳሰሰ። ጉጡን አገኘው። ራሱን ነቀነቀ።

«ዓለት ሆኗል። ይህን ብሰብር ጤነኛ አጥንት ነው የምሰብረው።» ቅቤውን ከረጢቱ ውስጥ መለሰ። ከዚያ ለኃላፊው፣ «የቸገረዎት ዳኛው ከሆነ፣ የሱ መድኃኒት እኔ ዘንድ የለም» አለውና ሄደ።

ሰኞ ፍርድ ቤት ቀረብኩ። ሲያስገቡኝ አንዱ ፖሊስ ሊደግፈኝ ብሎ ክንዴን ሊይዝ ሞከረ፤ ቀስ ብዬ አስለቀቅኩት። ዳኛዋ ሴት ነበረች። ከመዝገቡ ቀና ብላ ስራመድ ተመለከተችኝ።

«ወይዘሮ፣ መቀመጥ ይችላሉ» አለች።

«ቆሜ ልናገር፣ ክብርት ዳኛ።»

«እግርዎ ምን ሆኖ ነው?»

ኃላፊው ከኋላዬ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። ወረዳ ስሄድ እንደማደርገው መንገድ ላይ የተለማመድኩት ብዙ ቃል ነበረኝ። ሁሉም ጠፋብኝ። የቀረኝን ተናገርኩ።

«ሲይዙኝ ቀጥ ያለ ነበር። እጃቸው ላይ ተሰበረ። ሐኪም ተለመነ፣ አልመጣም። እዚያው ወለል ላይ እንዲህ ሆኖ ገጠመ። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ሊሰብሩት መጥተው ነበር፤ ከለከልኩ።»

ዳኛዋ ጽፋ ስትጨርስ ብዕሯን አስቀመጠችና እንደገና እግሬን አየች። በዚያ ቀን አልፈቱኝም። ለታጣቂዎቹ ለማብሰሌ ማስረጃ አምጡ ብላ ቀጠሮ ሰጠች፤ በቀጠሮው ማስረጃ የሚባል ነገር አልመጣም። ተፈታሁ። ሲስተርና ዓሣ ሻጯም ከእኔ በኋላ ተፈትተዋል።

የተፈታሁ ቀን ልጄ ባጃጅ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ለስንቁ ብላ ከባሮ ድልድይ ማዶ ቤት ተከራይታለች። ካለቀስን በኋላ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ ባጃጁን አስቆምኩና ወረድኩ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«በእግሬ ነው የምሻገረው። እናንተ ተከተሉኝ።»

«ማዘር፣ ይግቡ እንጂ፣ መንገድ ዘጋን!» አለ ሹፌሩ።

«ዝም ብለህ ንዳ» አልኩት። ያንን ቃል ለማላውቀው ሰው ያልኩት እኔ ነኝ? ራሴው ገረመኝ። ባሮ ሞልቶ፣ ደፍርሶ ከሥሬ ይሄዳል። ባጃጁ ከኋላዬ ያዘግማል፤ ከሱ ኋላ የጭነት መኪና፣ ከሱ ኋላ ሞተር ሳይክል። ክላክስ ያደርጋሉ። ልጄ ከባጃጁ አንገቷን አውጥታ «እናቴ ናት! እናቴ ናት!» ትላቸዋለች። አልፈጠንኩም። ጋምቤላን በሙሉ አስከትዬ ድልድዩን ጨረስኩት።

በኋላ ትልቅ ሆስፒታል ሄጃለሁ። ሐኪሙ ኤክስሬዩን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ፤ ሲስተር በሁለት መፋቂያ ያሳየችኝ ራሱ ነው። ተቆርጦ በብረት ሊቃና እንደሚችል፣ ጥቅሙንም አደጋውንም ዘርዝሮ ነገረኝ። ጉልበቴ ገና ደህና ስለሆነ አይቸኩልም አለኝ። «ውሳኔው የርስዎ ነው» ሲለኝ ደግሜ እንዲለው ፈለግኩ። ለጊዜው ጫማ ሰፊ ግራ ጫማዬን በጎማ ያሳድግልኛል፤ እንቅስቃሴዬን እሠራለሁ፤ ጉልበቴን በየጊዜው አሳያለሁ። ዝናብ ሲመጣ ያመኛል። ምግብ ቤቴ ተከፍታለች።

ፍርሃቴ አልተፈታም፤ ይህን አልዋሽም። በር በኃይል ሲንኳኳ ዛሬም ልቤ አፌ ውስጥ ይገባል። ግን ጥግ አልይዝም። ተነስቼ፣ እያነከስኩ፣ በሩ ድረስ ሄጄ ራሴ እከፍታለሁ።